አንድ ቆርኪ፣ አራት ጣት

አዳማ ላይ የሚወራው እንዲህ ነው። ጋሽ ጎበና አልጋቸው ሥር ክዳኑ የታሸገ የቆርቆሮ ጣሳ አላቸው። ጣሳውን የሰጣቸው ድሮ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ሊያለማ የመጣ አንድ ሆላንዳዊ ነው፤ አገሩ ሊገባ ሲል «ጎበና፣ አደራህን፣ ለመንግሥትም ለሚስትህም እንዳታሳይ» ብሎ አስረከባቸው። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ። ከዱቄቱ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ ለአንድ ጥማድ መሬት ትበቃለች። ጋሽ ጎበና እንደ ሌላው ሰው ዩሪያ የሚባል ነገር አያስጠጉም። ዱቄቷን ሰው ሳያያቸው፣ ብቻቸውን፣ በገዛ እጃቸው ይቀብሩና በበቆሎው መሀል እየተንጎራደዱ በሆላንድኛ ያናግሩታል። በቆሎውም ሰምቶ ያድጋል።

ይሄን ማመን ከባድ ነው። መስከረም ላይ ሲወራ ጣሳ የነበረው ነገር ጥቅምት ላይ ጀሪካን ሆነ፤ ኅዳር ሲጠባ በርሜል ደረሰ፣ በርሜል ደግሞ አልጋ ሥር አይገባም። ደግሞስ ከእኛ መሀል «አዎ፣ ይሄ የሰማሁት ሆላንድኛ ነው» ብሎ የሚመሰክር ማን ነው? ነገሩን ያወሳሰበው ግን ባለ ጉዳዩ ነው። ጋሽ ጎበና ስለ ጣሳው ሲጠየቁ አዎ አይሉም፣ አይደለም አይሉም። ሻያቸውን አንዴ ፉት ይሉና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር እያዩ ፈገግ ይላሉ።

በየሰፈሩ ሁሉን ነገር ካልለካ ምግብ የማይወርድለት አንድ ሰው አለ። «እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም» ካላችሁ፣ አንድም ሰፈሩ አዲስ ነው፣ አንድም ሰውየው እናንተው ናችሁ። የእኛው ግን ከሁሉም ይለያል። ሌላው በሜትር፣ በኪሎ፣ በሊትር ሲደክም፣ ክቡር አቶ ጎበና ዓለምን ከነዳርቻዋ የሚለኩት በአንዲት ቆርኪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሸንኮራ እርሻ ላይ የማዳበሪያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሌላው የእጅ ሰዓት ሲሸለም እሳቸው ቆርኪያቸውን ኮታቸው ደረት ኪስ ከትተው ወጡ።

ቁርሳቸውን የሚበሉት መብራት ኃይል አካባቢ፣ የሺዓለም ቁርስ ቤት ነው። የሺዓለም ፉሏ ሦስት ቀበሌ የሚያሰልፍ፣ ሳቋ ደግሞ አራተኛውን የሚጨምር ሴት ናት። ጋሽ ጎበና እሷ ዘንድ ሲቀመጡ ስኳር በማንኪያ አይጨምሩም። ቆርኪዋን ያወጣሉ፣ ስኳሩን ይሞላሉ፣ የተከመረውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጠርጋሉ፣ ከዚያ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ወደ ሻዩ ያንሸራትቱታል። መሀል ላይ አይደለም። በጠርዝ በኩል ነው። አንድ ቀን የሺዓለም ፈጠን ብላ፦

«ጋሼ፣ እኔ ልጨምርልዎ?» አለች።

«ስንት? የት? መቼ?»

ሕይወታቸው በሙሉ በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ የቆመች ናት። ባጃጅ ነጂ ሞተሩ ውስጥ ዘይት ሲጨምር አጠገቡ ይቆማሉ፤ «ስንት? የት? መቼ?» ከፋርማሲ መድኃኒት ይዞ የወጣውን የማያውቁትን ሰው ያስቆማሉ። አንድ ጎረቤታቸው «ላግባ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ሊያማክራቸው ቢመጣ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ የት ሊያኖራት እንዳሰበ፣ መቼ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው መልሱን እያሰበ ይኸው እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነው።

የጎረቤት ልጅ ኑኃሚን በቤተ ክርስቲያን ስትዳር ጊዜም ነበሩ። መዘምራኑ እየዘመሩ፣ ወጣቶቹ ከግራ ከቀኝ የአበባ ቅጠል በሙሽሮቹ ላይ ሲበትኑ፣ እልልታው ጣሪያ ሲነካ፣ ጋሽ ጎበና መነጽራቸውን አድርገው ምንጣፉ ላይ የወደቀውን ቅጠል ይቆጥራሉ። ሲጨርሱ ለሙሽራዋ አባት በጆሮው ሪፖርት አቀረቡ፦ «ከመቶው ቅጠል ሙሽሮቹ ላይ ያረፈው ዘጠኝ ነው። የቀረው የዳረው ምንጣፉን ነው። መበተን እኮ ነው ጉዱ!»

የሺዓለም ይሄን ታሪክ ለደንበኞቿ እያስመሰለች ስታወራ በሳቅ ትፈርስ ነበር። እስከ አምና ኅዳር ድረስ።

አባቷ ኦቦ ኤባ ሲሞቱ ቡልቡላ አጠገብ ሁለት ጥማድ መሬት ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ለጫላ ትተው ነው። የሺዓለም ልጅ ሆና ከአባቷ ኋላ ኋላ እያለች አረም የነቀለችበት መሬት ነው፤ ድንጋዩን ሳይቀር በስም ታውቀዋለች። ጫላ ዱከም ፋብሪካ ይሠራል፤ ለእሱ መሬቱ በዓመት አንዴ የሚመጣ የስልክ ጥሪ ነው። እሷም ብትሆን ከአዳማ ሆና የምታርስ የስልክ ገበሬ ናት። የስልክ ገበሬ ማለት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ፣ በአንድ እጇ ፉል እያሸች፣ በሌላው ሒሳብ እየመለሰች፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ መሬት የምታርስ ሰው ናት።

«ሄሎ! ሮባ! ዘነበ ወይ?»

«ዘንቧል እትዬ።»

«ብዙ ነው?»

«ደህና ነው።»

«ማዳበሪያውስ ገባ?»

«ገብቷል። አንዱን ኩንታል በትኜዋለሁ እትዬ።»

«ጎበዝ!»

ሮባ መሬቱን በእኩል የሚያርስላት የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ታማኝ ነው፣ ብርቱ ነው፣ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። ችግሩም ይኸው ነበር፤ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። አምና ሁለት ኩንታል ዩሪያ በሚኒባስ ጣሪያ ላከችለት። አንደኛውን ኩንታል ዝናብ ሳይጥል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው በተነው። ገሚሱ በንኖ ሄደ፣ ገሚሱን አረሙ በላ። በዚያ ዓመት ቡልቡላ ላይ እንደ የሺዓለም አረም ያማረበት አልነበረም። በቆሎው ቢጫ ሲሆንባት «ጨምርበት!» አለች በስልክ። ሮባም ሁለተኛውን ኩንታል በእፍኝ በእፍኝ እያነሣ ከያንዳንዱ አገዳ እግር ሥር ከመረው። በሳምንቱ ቅጠሉ እሳት እንደ ላሰው ወረቀት ዳር ዳሩን ነደደ። ኅዳር ላይ ሲመዘን ስምንት ኩንታል ወጣ።

ጫላ ስምንቱን ኩንታል አየና አንድ የብሎኬት አምራች ይዞ መጣ። ሰውየው መሬቱን ለረጅም ዓመት ተከራይቶ አሸዋውን ሊያወጣ ነው። አሸዋው ሲወጣ የሚቀረው ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ተመልሶ እርሻ አይሆንም። እህትና ወንድም ሲካረሩ የአባታቸው ወንድም ኦቦ ጆቴ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። ውሳኔያቸው አጭር ነበር።

«የሺ አንድ ክረምት ይሰጣት። ሃያ ኩንታል ካስገባች መሬቱ በእጇ እርሻ ሆኖ ይኖራል። ካላስገባች ለብሎኬቱ ሰውዬ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ጫላ፣ እየሳቀ። ሃያ ኩንታል ከዚያ አሸዋ!

በማግስቱ ቁርስ ቤቱ ውስጥ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፉል አረረ። ጋሽ ጎበና ሽታውን ተከትለው ማድ ቤት ድረስ ገቡ። የሺዓለም ጀርባዋን ሰጥታ ታለቅሳለች። ነገሩን ሰምተው እንደ ልማዳቸው «ስንት? የት? መቼ?» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ስንት እንደሆነ አላውቅም ጋሼ። የት እንደሆነም አላውቅም። መቼ እንደሆነም አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው ያንቺ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ጎበና። «እኔን ያስቸገረኝ ሁልጊዜ ሁለቱን አውቃለሁ የሚለው ነው።»

በሰኔ ክቡርነታቸው ወደ ቡልቡላ ዘመቱ። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው ጥቁር ጃንጥላ፣ በብብታቸው ዱካ ይዘው። ዱካዋን እርሻው ዳር አስቀመጡ፣ ተቀመጡባት፣ ጃንጥላውን ዘረጉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርሻው የጄኔራል ማዘዣ ጣቢያ ሆነ። ሮባና ሚስቱ ጉዲቱ በመስመር ፈር አወጡ። ሰው እስከ ዛሬ ዳፕ የሚለው ጥቁሩ ማዳበሪያ ፈሩ ውስጥ ገባ፣ ላዩ ላይ ስስ አፈር ተመለሰበት፣ ዘሩ ከዚያ በላይ ተኛ።

«ዘርና ማዳበሪያ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ አንድ አልጋ ላይ አይተኙ» ይላሉ ከዱካቸው። «ተቃቅፈው ካደሩ ጠዋት አንዱን ሬሳ ታገኙታላችሁ።»

«ጋሼ፣ በእፍኝ ብናደርገው ምናለበት?» አለ ሮባ። «ቶሎ እንጨርስ ነበር።»

«በማን እፍኝ?»

«በኔ።»

«ጉዲቱ፣ እስቲ እጅሽን አሳዪው።»

ጉዲቱ እጇን ዘረጋች። የሮባን ግማሽ አታክልም።

«አየህ፣ ያንተ መስመር ሲጠግብ የእሷ መስመር ሊጾም ነው። ቆርኪ ግን በወንድም እጅ በሴትም እጅ ያው ነው።»

ሐምሌ ላይ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ እንደ አምናው ሁለት ኩንታል ዩሪያ መጣ። አሁንም ዝም ብሎ አይገባም። ሦስት ቀን ጠበቁ፤ አፈሩ ረጥቦ፣ ውኃው ግን መሬት ላይ መቆሙን እስኪተው። ከዚያ ሕጉ ታወጀ፦ አንድ ቆርኪ፣ አፏ የተስተካከለ፣ ያልተከመረ። ከአገዳው አራት ጣት ራቅ ብሎ። በአፈር ተሸፍኖ። ሮባ መስመሮቹን አየ፣ የየመስመሩን አገዳ በልቡ ደመረና ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃያ ሁለት ሺህ አገዳ ነው! ሃያ ሁለት ሺህ ጊዜ ልጎንበስ?»

«ኧረ ምን በወጣህ! ጉዲቱ አለች አይደል? አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሺህ ይደርሳችኋል።»

ስድስት ቀን ፈጀ። ባልና ሚስቱ በስድስተኛው ቀን ማታ ቀጥ ብለው መቆም ረስተው ጎንበስ እንዳሉ ቤታቸው ገቡ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ። ሲጨርሱ የገባው ዩሪያ አንድ ኩንታል እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ኩንታል አፉ እንደተሰፋ ሮባ ጎጆ ውስጥ ቀረ።

የሺዓለምን እንቅልፍ የነሳት ያ ጆንያ ነው። ነሐሴ ሲገባ ጎረቤት እርሻዎች፣ በእፍኝ የተበተነላቸው፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው አፍ ያስከፍታሉ። የእሷ በቆሎ ጨዋ ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ልክ አለው፣ የሚያስደነግጥ ነገር ግን የለውም። ጫላ የበቆሎዋን ፎቶ በቴሌግራም ላከላት፤ ከሥሩ «እታለም፣ ሽንኩርት ነው እንዴ የዘራሽው?» ይላል። ስልኳን አነሳች።

«ሮባ፣ የቀረውን ጆንያ ፍታና ጨምርበት! ለጋሽ ጎበና እንዳትነግር።»

በሕይወቱ ትእዛዝ መልሶ የማያውቀው ሮባ እንዲህ አለ፦

«እትዬ... ስንት? የት? መቼ?»

«በእፍኝ! እግሩ ሥር! አሁን!» ብላ ዘጋች። ሲመሽ ራሱ ደወለ። «ስድስት መስመር አድርጌያለሁ እትዬ። ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅርታ።»

በማግስቱ ጋሽ ጎበና ሳይጠሩ ቡልቡላ ከተፍ አሉ። ስድስቱን መስመር ለማወቅ አንድ እይታ በቃቸው። የሺዓለም ስድቡን ስትጠብቅ፣ ሮባን በየመስመሩ ጫፍ ቀይ ጨርቅ አሳሰሩትና ወደ አዳማ ተመለሱ። ጠዋት ፉላቸውን እየበሉ ያሏት ይሄን ብቻ ነው፦ «ደግ አደረግሽ የሺ። ማወዳደሪያ አጥተን ነበር።»

መስከረም ላይ በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሣ። ስድስቱ መስመር፣ ከተለበለበው የተረፈው፣ ከሁሉ በልጦ፣ ከሁሉ ጠቁሮ፣ ኮርቶ ቆሞ ነበር። ነፋሱ በአንድ ሌሊት እንደ ሰካራም ተራ በተራ አስተኛው። የጎረቤትም እርሻ በየቦታው ተጋደመ። የወደቀውን የበቆሎ ራስ ሲፈለቅቁት ጣት የምታክል ነገር ናት፤ ጉልበቱ ሁሉ ቅጠል ላይ አልቋል።

የሺዓለም ወሬውን ሰምታ ቁርስ ቤቱን ዘግታ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ከመኪና ወርዳ እርሻው ዳር ስትደርስ እግሯ ቆመ። ቀሪው በቆሎ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ አንዱ ከአንዱ አያንስም፤ ፀጉር አስተካካይ በማበጠሪያ እያስተካከለ የቆረጠው ይመስላል። ወደ መሀል ገባች። አገዳው የእጇን አንጓ ያክላል፤ ብዙው ሁለት ሁለት ራስ ታቅፏል፣ ራሱ ከክንዷ ይወፍራል። ነፋሱ ሲመጣ ከሃያ ሺህ በላይ አገዳ በአንድ ድምፅ ይንሿሿል፤ ትልቅ ጉባኤ ጸሎት የጀመረ ነው የሚመስለው። አባቷ ይሄን ሳያዩ መሞታቸውን አስባ አፏን በእጇ ያዘች። ኃጢአት ሆኖባት እንጂ በዚያች ሰዓት ለአንዲት ቆርኪ ብትሰግድ ደስ ይላት ነበር።

ያዩት ሁሉ እንዲሁ ፈዘዙ። የሻሸመኔ ሚኒባሶች መንገድ ዳር እየቆሙ ተሳፋሪው ፎቶ ያነሣል። ሰው «ምን አድርጋ ነው?» ሲል ሮባ «ከበፊቱ ግማሽ ማዳበሪያ፣ በቆርኪ» ብሎ እውነቱን ይናገራል፤ እውነቱን የሚሰማው ግን አልተገኘም። ግማሽ ማዳበሪያ! ከዚህ ይልቅ ሆላንዳዊ መፈልሰፍ ይቀል ነበር፣ ተፈለሰፈም። ወሬው አዳማ ሲደርስ ለጋሽ ጎበና ከመቀመጫቸው የሚነሱላቸው በዙ። የባንኩ ዘበኛ ሰላምታ ይሰጣቸው ጀመር። ሻያቸውን የማያውቁት ሰው ይከፍላል። እሳቸውም ካላንደሩን እያዩ ፈገግ ይላሉ። እኛም፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ፈገግታ ለማየት ስንል ጣሳውን በርሜል አደረግነው።

ኅዳር ላይ ተፈልፍሎ በኦቦ ጆቴ ፊት ተመዘነ። ሃያ ሦስት ኩንታል ከአርባ ኪሎ። ከዚያ ጫላ ወደ መሀል ገባ።

«ኦቦ ጆቴ፣ ይሄ አይቆጠርም።»

«ለምን አይቆጠርም?»

«አገር ያወቀው ነው! የሆላንዱ ዱቄት ነዋ! የሺ አላረሰችም፣ ሮባም አላረሰም፣ ጣሳው ነው ያረሰው። ጣሳው ሲያልቅ፣ ወይ ጋሽ ጎበና እግዜር ያቆያቸውና ሲያርፉ፣ ስምንት ኩንታላችን ላይ ቁጭ ነው። ያኔ የብሎኬቱ ሰውዬ የለም።»

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ክፋቱ፣ ሁሉም ያምን ነበር። የሺዓለም «ውሸት ነው!» ብላ ብትጮህ «አንቺማ ምን ትያለሽ?» አሏት። ሮባ አፉን ሲከፍት ሳቁበት።

ኦቦ ጆቴ ጋሽ ጎበና ወደ ተቀመጡባት ዱካ ዞሩ። «ጎበና፣ ነገሩ ካንተ አያልፍም። ጣሳው እውነት ከሆነ ጫላ ልክ ነው፤ ያንተ ጥበብ ካንተ ጋር ይሄዳልና መሬቱን ለብሎኬቱ እሰጣለሁ። ውሸት ከሆነ መሬቱ የየሺ ነው። በል ተናገር።»

የሺዓለም የጋሽ ጎበናን ፊት አየች፤ ያ የካላንደር ፈገግታ ከከንፈራቸው ዳር ብቅ ሲል አየችው። ስንት ሰው ተሰብስቦ አፋቸውን ይጠብቃል! ይሄን ፈገግታ ምን ያህል እንደሚወዱት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ወር ሙሉ ሻይ ያቀረበችላቸው እሷ ናት። ጋሽ ጎበና ዙሪያቸውን ቀስ ብለው አዩ፤ ሕዝቡን፣ ጆንያዎቹን፣ እሷን። ፈገግታው ጠፋ። ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጆቴ፣ ጣሳ የለም» አሉ። «አልጋዬ ሥር ያለው ነጠላ ጫማዬ ነው። ሆላንዳውያኑ ከወንጂ ሲወጡ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አንዳቸውንም በስም አላውቅም፣ ቋንቋቸውንም ሰምቼ አላውቅም። በቆሎ መሀል አፌ ሲንቀሳቀስ ያያችሁት እየቆጠርኩ ነው፣ ያውም በአማርኛ። ዱቄት የለም። የገባው አንተም፣ ጫላም፣ ይሄ ሁሉ ሰውም ከማኅበሩ መጋዘን የምትወስዱት ዩሪያና ዳፕ ነው፤ ከስድስቱ መስመር በቀር ዩሪያው ካምናው ግማሽ አልሞላም። አንድ ቆርኪ ለአንድ ጥማድ አይበቃም፤ ለአንድ አገዳ ነው። በእጁ ይቀብራል ላላችሁት ደግሞ፣ ወገቤ ከታመመ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ መሬት ላይ አንዲት ቆርኪ አልቀበርኩም፣ አንዲት! ሃያ ሁለት ሺውንም ያስቀመጡት ሮባና ጉዲቱ ናቸው። እኔ ዱካ ላይ ነበርኩ። ከርሞ ባልመጣም ያው ነው የሚወጣው።»